የሙት ዕዳ የከፈለው ፊልም፦ «ዶን» ከዳሬሰላም እስከ ዌስትላንድስ

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1978 «ዶን» የተሰኘ የህንድ የወንጀልና የድብድብ ፊልም ለሕዝብ መታየት ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ነው የሚባል ማስታወቂያ አልተነገረለትም። ፕሮዲዩሰሩ ሥራው ሳይጠናቀቅ አርፏል፤ ሚስቱ የባሏን ዕዳ ታቅፋ ቀርታለች፤ ዳይሬክተሩም ከዚያ በፊት አንድም ፊልም በስሙ ያላወጣ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከዳሬሰላም ወደ ቦምቤይ የተሻገረ የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የተመልካቹ ቁጥር አነስተኛ ስለነበር የፊልሙ ነገር አበቃለት ተባለ።

አላበቃለትም። «ዶን» በዚያው ዓመት ከፍተኛ ገቢ ካስገኙት የህንድ ፊልሞች አንዱ ሆነ። የሟቹም ዕዳ ተከፈለ። ነገር ግን በእኛ አካባቢ፣ በዌስትላንድስና በአጎራባቹ ፓርክላንድስ፣ በተለይ በ1980ዎቹ ያደገው ትውልድ ይህን ፊልም ያወቀው በአብዛኛው በቪዲዮ ካሴት ነው። ያ ካሴት ደግሞ ለማንም ዕዳ የከፈለ ካሴት አልነበረም። ፊልሙን ከሞት ያዳነውና የፊልሙን ሠሪዎች ባዶ እጃቸውን ያስቀረው አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ያውም ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን መሆኑ፣ የ«ዶን»ን ታሪክ ከአንድ ፊልም ታሪክ በላይ ያደርገዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዕዳው ነው። ናሪማን ኢራኒ በሙያው የተከበረ የካሜራ ባለሙያ ነበር። በ1968 የወጣውን «ሳራስዋቲቻንድራ» የተባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀርጾ በህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ተሸልሟል። ካሜራ መያዝ ብቻውን ያልበቃው ይህ ሰው ፕሮዲዩሰር ሆኖ በ1972 «ዚንዳጊ ዚንዳጊ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ሱኒል ዱትንና ዋሂዳ ረህማንን የመሰሉ ስመ ጥር ተዋንያን ቢኖሩትም ፊልሙ ወደቀ፤ ኢራኒም የ12 ላክ፣ ማለትም የ1.2 ሚሊዮን ሩፒ ባለዕዳ ሆነ። አንድ የካሜራ ባለሙያ በደመወዙ ሠርቶ ሊከፍለው የሚችለው ዕዳ አልነበረም።

በ1974 በወጣው የማኖጅ ኩማር ፊልም «ሮቲ ካፕዳ ኦር ማካን» ቀረጻ ላይ ካሜራውን የያዘው ኢራኒ ነበር። በዚያው ሥራ ላይ ተዋናዩ አሚታብ ባቻን፣ ተዋናይቷ ዚናት አማን እና ረዳት ዳይሬክተሩ ቻንድራ ባሮት ነበሩ። ጭንቀቱን የሰሙት እነዚህ ባልደረቦቹ አንድ ፊልም ፕሮዲዩስ እንዲያደርግና እነሱም እንዲሠሩለት ተስማሙ። በሌላ ፊልም ዘመኑን በክፉ ሰው ገጸ ባሕርይ ያሳለፈው ታላቁ ተዋናይ ፕራንም አብሮ ገባ። ዕዳ የገባበትን ሰው ወዳጆቹ ተሰብስበው ደግፈው ማውጣታቸው ለእኛ አገር ሰው አስተርጓሚ የሚያሻው ጉዳይ አይደለም። ዕቁብም ዕድርም ያለው ሕዝብ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ የተዋጣው ገንዘብ ሳይሆን ጉልበትና ስም መሆኑ ነው።

ድርሰቱን የጻፉት ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ናቸው። «ሳሊም-ጃቬድ» በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት እነዚህ ሁለት ደራሲዎች በ1973 «ዛንጂር»ን፣ በ1975 ደግሞ «ዲዋር»ንና «ሾሌ»ን ጽፈው የህንድን ፊልም መልክ የለወጡ ናቸው። ለኢራኒና ለባሮት የሰጧቸው ድርሰት ግን ብዙ ሰዎች አይተው የመለሱት፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነበር። ርዕስ እንኳ ስላልነበረው በውስጡ ባለው ገጸ ባሕርይ «የዶን ድርሰት» እየተባለ ይጠራ ነበር። ያው መጠሪያው ርዕሱ ሆኖ ቀረ።

ባሮት ማን ነበር? የተወለደው ያኔ ታንጋኒካ ትባል በነበረችው አገር ነው። በዳሬሰላም በባርክሌይስ ባንክ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን የከተማዋ እስያውያን ነጋዴዎች የከፈቷቸው እንደ አቫሎንና ኢምፓየር ያሉ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም ያሳዩ ነበር፤ የሚያያቸውም እስያዊው ብቻ ሳይሆን ስዋሂሊ ተናጋሪው ሕዝብም ጭምር ነበር። እስያውያን ሲባል በምሥራቅ አፍሪካ አነጋገር ከህንድ ክፍለ አህጉር የመጡት ማለት እንደሆነ ለናይሮቢ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በጃንዋሪ 1964 በዛንዚባር አብዮት ተነሳ። በፌብሩዋሪ 1967 የአሩሻ አዋጅ ታወጀና ባርክሌይስን ጨምሮ ባንኮች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ። ባሮት በዚያው በ1967 ወደ ህንድ ሄደ። እህቱ ካማል ባሮት በቦምቤይ ለፊልም የምትዘፍን ድምፃዊት ስለነበረች መንገድ የሚያሳየው ሰው አላጣም፤ ከማኖጅ ኩማር ዘንድ ረዳት ሆኖ ገባ።

ስለዚህ «ዶን»ን የሠራው ሰው የቦምቤይ ልጅ አልነበረም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኛ እስያዊ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ዕውቀት ይዞ ፊልሙን የሚያይ ሰው በታሪኩ ውስጥ ሌላ ነገር ማየቱ አይቀርም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዶን የኮንትሮባንድ ወንበዴዎች አለቃ ነው። የአሥራ አንድ አገር ፖሊስ እንደሚፈልገው እየተኩራራ የሚናገርበት ቦታ ህንድ ውስጥ እስካሁን በቃል የሚባል ነው። ፖሊስ ሲያሳድደው ቆስሎ ይሞታል፤ መሞቱን የሚያውቀው ግን ዲ’ሲልቫ የተባለው የፖሊስ ሹም ብቻ ነው። ሹሙ ሬሳውን በምስጢር ያስቀብርና ቁርጥ ዶንን የሚመስል ቪጃይ የተባለ የመንገድ ላይ ዘፋኝ ፈልጎ ያገኛል። ቪጃይ ያሳደጋቸውን ሁለት ወላጅ አልባ መሰል ሕፃናት ለማስተማር ቃል ተገብቶለት ዶን ነኝ ብሎ በወንበዴዎቹ መካከል ይገባል። ከዚያ ዲ’ሲልቫ ይገደላል። ቪጃይ ቪጃይ መሆኑን የሚመሰክር አንድ ሰው በምድር ላይ የለም። ፖሊስ ዶን ነህ ብሎ ያሳድደዋል፤ ወንበዴዎቹ ዶን አይደለህም ብለው ያሳድዱታል። ወንድሟን ዶን የገደለባት ሮማም (ዚናት አማን) ደሟን ልትመልስ በቅርብ ትጠብቀዋለች።

ማንነቱን የሚያረጋግጥለት አንድ ወረቀት፣ አንድ ምስክር ያጣ ሰው፤ በሁለት ወገን የማይታመን ሰው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የኬንያና የታንዛኒያ እስያዊ የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዞ እንግሊዝ የማታስገባው፣ የተወለደበት አገር ደግሞ ዜጋዬ አይደለህም የሚለው ሰው ነበር። ድርሰቱን የጻፈው ባሮት ስላልሆነ ፊልሙ የእሱን ሕይወት ይተርካል ማለት ስሕተት ይሆናል። ሌሎች መልሰው ያስቀመጡትን ድርሰት እሱ ለምን እንዳነሳው ለሚጠይቅ ሰው ግን ከዳሬሰላም የተነሳበት መንገድ መነሻ ሐሳብ ይሰጣል።

በርዕሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ዶን» በስፓኝና በጣሊያን ቋንቋ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ሥሩ ጌታ ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ይመዘዛል። ወደ አማርኛ ቢመለስ «አቶ» ወይም «ጌታው» እንደማለት ነው። የወንበዴ አለቃ ማለት ሆኖ በዓለም የተሠራጨው በ1972 የወጣው የአሜሪካ ፊልም «ዘ ጎድፋዘር» ካስተዋወቀው በኋላ ነው። ባሮት እንደተናገረው ግን የህንድ አከፋፋዮች ርዕሱን ያልወደዱት በሌላ ምክንያት ነበር። በገበያ ላይ አጠራሩ የሚመሳሰል የውስጥ ሱሪ ስለነበረ ተመልካች ይስቅብናል ብለው ፈርተው ነው።

ቀረጻው ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ፈጀ፤ ገንዘብ ሲገኝ ይቀረጻል፣ ሲጠፋ ይቆማል። በመካከሉ ኢራኒ በሌላ ፊልም ሥራ ላይ ሳለ ከኃይለኛ ዝናብ የተነሳ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ። የተጀመረው ለእሱ ስለነበር ከእሱ ጋር መቆም ይችል ነበር፤ ጓደኞቹ ግን ጨረሱት። የተጠናቀቀውን ፊልም ያየው ማኖጅ ኩማር ሁለተኛው አጋማሽ ተመልካቹን ትንፋሽ የሚያሳጣ ስለሆነ አንድ ዘፈን ይግባበት ብሎ መከረ። ባሮት ምክሩን ተቀበለ። የሙዚቃ ደራሲዎቹ ካልያንጂና አናንድጂ ለዴቭ አናንድ ፊልም ተዘጋጅቶ የነበረና ያልተፈለገ ዘፈን ነበራቸው። ስለ ባናራስ ፓን የሚያወሳው ይህ ዘፈን በኪሾር ኩማር ድምፅ ተቀርጾ ገባ። ፓን፣ ናይሮቢ ውስጥ በፓርክላንድስና በንጋራ የሚሸጠው፣ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚታኘከው ነገር ነው፤ ጫትን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳቱ ቀላል ነው፣ ምንም እንኳ ሁለቱ አንድ ባይሆኑ።

ፊልሙን ያዳነው ያ በኋላ የተጨመረ ዘፈን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፊልሙን ያዩት ጥቂቶች ዘፈኑን እያንጎራጎሩ ወጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲኒማ ቤቶቹ መሙላት ጀመሩ። በፊልምፌር ሽልማት ባቻን በምርጥ ተዋናይነት፣ ኪሾር ኩማር በዚሁ ዘፈን፣ አሻ ቦስሌም ሄለን በምትደንስበት ሌላ ዘፈን ተሸለሙ። ከትርፉ የኢራኒ ዕዳ ተከፈለ፤ ለመበለቲቱም ተሰጠ። በፊልም ንግድ ታሪክ ውስጥ የሲኒማ ትኬት ገንዘብ እንዲህ ወደ አንድ ቤት ደጃፍ ተከትለን ልናየው የምንችልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ናይሮቢ። የኬንያ እስያውያን ታሪክ ብዙ ጊዜ ከባቡሩ ይጀመራል፤ ከ1896 እስከ 1901 የሞምባሳን ሐዲድ ለመሥራት ከህንድ ወደ 32 ሺህ ሠራተኞች መጥተው ነበር። አብዛኞቹ ተመልሰዋል፤ የቀሩትና በኋላ የመጡት ነጋዴዎች ግን የከተማዋ መሠረት ሆኑ። በቅኝ ግዛት ዘመን ከተማዋ በዘር ተከፋፍላ ስትተዳደር ንጋራና ፓርክላንድስ የእስያውያን መኖሪያ ሆኑ፤ ከነፃነት በኋላ ደግሞ ኑሯቸው እየሰፋ ዌስትላንድስን ያዘ። የፊልም ቤቶቻቸው ግን በከተማው ልብና በንጋራ በኩል ነበሩ። ንጋራ ውስጥ ሻን ሲኒማ፣ በሞምባሳ መንገድ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚታይበት ቤልቪው ነበር። ቅዳሜ ማታ ቤተሰብ በሙሉ ምግቡን ቋጥሮ ወደ ቤልቪው መውረዱ የዚያ ዘመን ወግ ነው። መሐል ከተማ የነበሩት ኦዲዮንና ግሎብ ዛሬ ፊልም አያሳዩም፤ ስማቸው ግን የማታቱ ረዳት በየቀኑ የሚጠራው የመንገድ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ይህ ዓለም ተመልካቹን ማጣት ጀምሮ ነበር። በ1962ቱ ቆጠራ ከ176 ሺህ በላይ የነበረው የኬንያ እስያዊ በ1979 ወደ 78 ሺህ ወርዶ ተገኘ። በ1967 ኬንያ ዜጋ ላልሆኑ የሥራ ፈቃድ ግዴታ ስታደርግ ሺዎች ወደ እንግሊዝ ጎረፉ፤ በማርች 1968 እንግሊዝ በሯን የሚዘጋ ሕግ አወጣች። በ1972 ኢዲ አሚን የኡጋንዳ እስያውያንን በ90 ቀን ውስጥ ውጡ አለ። ናይሮቢ የቀሩት የነገን ሁኔታ እየሠጉ የሚኖሩ ሆኑ። በኦገስት 1 ቀን 1982 የአየር ኃይል ወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው በከሸፈበት ዕለት የእስያውያን ሱቆችና ቤቶች በብዛት ተዘረፉ፤ በሴቶችም ላይ ጥቃት ደረሰ።

የቪዲዮ ማጫወቻ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ልክ በእነዚህ ዓመታት ነው። ሶኒ ቤታማክስን በ1975፣ ጄቪሲ ቪኤችኤስን በ1976 ለገበያ አቅርበዋል፤ እኛ አገር ሰዎች «ዴክ» የምንለው ይኸው ነው። ማታ ወደ ሲኒማ መውጣት ለሚፈራ ቤተሰብ ዴክ የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አልነበረም። የአጥር በር ተዘግቶ፣ ዘበኛው ደጅ ቆሞ፣ አያት የማታውቀው እንግሊዝኛ ሳይሰማ ሁለት ሰዓት ተኩል በራስ ቋንቋ የሚታለፍበት መንገድ ነበር። ሻን ሲኒማን የገደለው ቴክኖሎጂ ነው ሲባል ይሰማል፤ ፍርሃትም የበኩሉን አስተዋጽኦ አድርጓል ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሻን በመጨረሻ በ2000ዎቹ ሳራካሲ ለተባለው ድርጅት ተላልፎ የአክሮባትና የሙዚቃ አዳራሽ ሆኗል፤ ሳራካሲ በስዋሂሊ ሰርከስ ማለት ነው።

ሳሪት ሴንተር በ1983 ዌስትላንድስ ውስጥ ሲከፈት ግብይቱ ሁሉ ከመሐል ከተማ ወደዚህ መሳብ ጀመረ። በአካባቢው የቪዲዮ ካሴት የሚያከራዩ ሱቆች ተስፋፉ። አሠራራቸውን በአዲስ አበባ ቪዲዮ ያከራየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መያዣ ይሰጣል፣ ስም በደብተር ይመዘገባል፣ ካሴቱ ወደ መጀመሪያው ተጠቅልሎ ይመለሳል፣ ያልጠቀለለ ይወቀሳል። «ዶን» በእነዚህ መደርደሪያዎች ላይ የማይጠፋ ነበር። ባቻን ያለበት ፊልም ለባለሱቅ እንደ ስኳርና ጨው ነው፤ ይብዛም ይነስ ሁልጊዜ ጠያቂ አለው።

ካሴቶቹ ከየት ይመጡ ነበር? የ1980ዎቹ የህንድ ፊልም ቅጂ በብዛት ይባዛባቸው ከነበሩት ቦታዎች ዋነኞቹ ለንደንና ዱባይ ነበሩ። ዱባይ ሲባል አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1968 ህንድ የወርቅ ቁጥጥር ሕግ ስታወጣ ወርቅ በኮንትሮባንድ ከባሕረ ሰላጤው ወደ ቦምቤይ ይጎርፍ ጀመር። «ዶን»ን የመሰሉ ፊልሞች የወንበዴ አለቃ ገጸ ባሕርያቸውን የወሰዱት ከዚሁ ንግድ ነው። እንግዲህ ስለ ኮንትሮባንዲስት የተሠራው ፊልም ኮንትሮባንዲስቱ በሚያውቀው ባሕር ተሻግሮ፣ ቀረጥም ፈቃድም ሳይከፈልበት በየቤቱ ገባ ማለት ነው።

በዚያ መንገድ የመጣ ቅጂ መልኩም የተለየ ነበር። ከሲኒማ ፊልሙ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ምስሉ በየደረጃው ይደበዝዛል፤ የዚናት አማን ልብስ ቀለም ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ጨለማ ውስጥ የሚደረገው ድብድብ ድምፅ ብቻ ይሆናል። በብዙ ቅጂዎች ላይ የአባዡ ድርጅት ማስታወቂያ በምስሉ ግርጌ እየተንሸራተተ ያልፋል። የትርጉም ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የለም። የመግቢያው ስም ዝርዝር፣ የሟቹ ኢራኒ ስም ያለበት፣ ቦታ ለመቆጠብ ወይም ተመልካች እንዳይሰለች ከሚቆረጡት ቦታዎች የመጀመሪያው ነው። ተመልካቹ የባቻንን ፊት ያውቃል፤ ፊልሙ ለምን እንደተሠራ ግን ከካሴቱ ሊያውቅ አይችልም።

ኬንያ ከ1966 ጀምሮ የቅጂ መብት ሕግ ነበራት፤ ጉዳዩን የሚከታተል የራሱ ቦርድ የተቋቋመው ግን በ2001 በወጣው ሕግ ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን የካሴት ዘመን ነው። ባለሱቁን ሌባ ማለት ቀላል ነው። ሆኖም ፊልሙን በሕጋዊ መንገድ አስመጥቶ ማከራየት ቢፈልግ እንኳ ይህን የሚሸጥለት ሰው በአቅራቢያው አላገኘም ነበር። በ1967 እና በ1968 ኬንያና ታንዛኒያ የፊልም ማስመጣቱን ሥራ ለመንግሥት ድርጅቶች ከሰጡ በኋላ የቆየው የአከፋፋዮች ሰንሰለት ላልቷል። የካሴቱ ንግድ የገባው በዚያ ክፍተት ነው። ተጎጂው ደግሞ ባቻን አይደለም፤ እንደ ኢራኒ ያለው፣ አንድ ፊልም ሲወድቅበት ቤቱ የሚናጋው ሰው ነው።

ይህ ታሪክ ለሐበሻ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በተለይ በመርካቶ አካባቢ፣ የህንድ ፊልም ከአብዮቱ በፊትም በኋላም የራሱ ታማኝ ተመልካች ነበረው። ሂንዲ የሚሰማ የለም፤ የሚያለቅስ ግን ሞልቷል። ዋናውን ሰው «አክተሩ» ብሎ የሰየመው፣ አክተር አይሞትም የሚል ሕግ ያወጣው ተመልካች ይህን ሕግ የተማረው ከህንድና ከሆንግ ኮንግ ፊልሞች ነው። «ዶን» ደግሞ በዚህ ሕግ ላይ ይጫወታል፤ አክተሩ በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ይሞትና ሌላ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ ዘመን በኋላ የቪዲዮ ቤቶች በየሰፈሩ ሲከፈቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም ፊልም ማየት የአንድ ትውልድ ትምህርት ቤት ሆነ። ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410ን ያወጣችው በ2004 ነው። አዋጁን አጥብቀው የጠየቁት ካሴታቸው በማግሥቱ እየተባዛ የተሸጠባቸው ድምፃውያንና የፊልም ሰዎች ነበሩ። ናይሮቢ የሚኖረው ሐበሻም በፈንታው ከአገር ቤት በተገለበጠ ካሴት የአማርኛ ድራማና ዘፈን እያየ ናፍቆቱን ያስታገሠ ስለሆነ፣ በጎረቤቱ እስያዊ ላይ ጣት ለመቀሰር የሚመች ቦታ ላይ አይደለም።

ቋንቋ የማይሰማው ተመልካች በበዛበት ቦታ አስተርጓሚ ይነሳል። በዳሬሰላም ሉፉፉ በሚል ስም የታወቀው ተራኪ የውጭ ፊልሞችን በስዋሂሊ እየተረከ ካሴት ያሠራጭ ነበር። በኬንያ ይህን ሥራ ያስፋፋው ዲጄ አፍሮ ሲሆን የህንድና የቻይና የድብድብ ፊልሞችን በስዋሂሊና በሼንግ እየተረከ በየመንደሩ የቪዲዮ ቤት ስሙን አስጠርቷል። ይህን ሥራ ትርጉም ለማለት የሚቸገሩ አሉ። ተራኪው ገጸ ባሕርያቱን አዲስ ስም ያወጣላቸዋል፣ ያልተባለ ያስብላቸዋል፣ ከፊልሙ ወጥቶ ስለ ኑሮ ውድነት ይቀልዳል። ነገር ግን ቦምቤይ ለናይሮቢ የምሥራቅ ሰፈሮች የተሻገረችው በዚህ ድልድይ ነው። ንጽሕናውን የጠበቀ የትርጉም ጽሑፍ ያን ያህል ሰው አላሻገረም።

«ዶን» ከካሴት በኋላም ኖሯል። በ2005 ብላክ አይድ ፒስ የተባለው የአሜሪካ ቡድን ሄለን የደነሰችበትን ዜማ በዘፈኑ ውስጥ አስገብቶ በሚቀጥለው ዓመት የግራሚ ሽልማት አገኘ። በ2006 የጃቬድ አክታር ልጅ ፋርሃን አክታር ፊልሙን በሻህ ሩክ ካን እንደገና ሠራው። በ2022 ባቻን 80 ዓመት ሲሞላው በህንድ ከተሞች እንደገና በሲኒማ ከታዩት ፊልሞቹ መካከልም ነበረበት። ቻንድራ ባሮት ከዚያ በኋላ በ1989 አንድ የቤንጋሊ፣ በ1991 አንድ የሂንዲ ፊልም አውጥቷል፤ ሌሎች የጀመራቸው ሳይጠናቀቁ ቀሩ። በጁላይ 20 ቀን 2025 በ86 ዓመቱ ሙምባይ ውስጥ ሲያርፍ በዜናው ሁሉ የተጠራው በዚያው በአንዱ ፊልም ነበር። የኬንያ መንግሥት እስያውያንን የአገሪቱ 44ኛ ጎሳ ብሎ ካወቃቸው ያኔ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

ካሴቶቹስ? በመጀመሪያ ዲስኩ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔቱ ከዌስትላንድስ መደርደሪያዎች አወረዳቸው። የመጨረሻው የታወቀ የዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በጁላይ 2016 ማምረቱን አቆመ። ማግኔቱ እየረገፈ ስለሚሄድ በየጓዳው የተረፈውም ብዙ ዕድሜ የለውም። ደግሞም ሁሉም «ዶን» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት ውስጥ «ዶን» አለ ማለት አይደለም። በቪኤችኤስ ካሴት ጀርባ በኩል ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ከተሰበረች በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም፤ ቀዳዳዋ በፕላስተር ከተሸፈነች ግን ይቻላል። ባዶ ካሴት ውድ በነበረበት ጊዜ ይህን ዘዴ ያላወቀ ቤት አልነበረም። ሠርግ፣ የልደት በዓል፣ የአያት ሰባኛ ዓመት የተቀዳው በፊልም ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ አሮጌ ካሴቱን ወደ ዲስክ ሊያስገለብጥ የሚወስድ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ሲያበቁ ምስሉ ለአፍታ ይንቀጠቀጥና፣ መካከሉ ላይ የተቋረጠ የመኪና ግርግርና ባቻን ሲሮጥ ይታየዋል።